የሻምበሉ ወይራ

ጣልያን ቤታችንን የወሰደብን ቆርቆሮ ስለለበሰ ነው። በዚያን ጊዜ ቡሬ ላይ ቆርቆሮ ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። የእኛን የባሌ አባት በሕይወት ሳሉ፣ ዓባይን እየተሻገሩ ነግደው ነው የሠሩት። እሳቸው ከሞቱ በኋላ ቤቱ የአማቴ ሆነ፤ እኔም ተድሬ የገባሁት እዚያው ነው። ሙሽርነቴ ሳይወጣልኝ ጦሩ ደረሰ። ባሌ የአባቱን ጠመንጃ አንግቶ ከአርበኞች ጋር ወደ ሽንዲ ቆላ ወረደ። እኔና አማቴ ከአንዲት ላም፣ ከጥጃዋ፣ ከአንዲት ፍየልና ከድመታችን ጋር ቀረን።

አንድ ጠዋት አንድ የጣልያን ሻምበል ወታደሮቹን አስከትሎ ገባ። ዕቃችንን ግቢው ላይ በተኑት። አማቴ መቃኑን ይዘው "ከባሌ ቤት አልወጣም" ቢሉ አንዱ ወታደር እጃቸውን በሰደፍ መታው። ከዚያ እየገፈተሩ ጓሮ ወዳለው የጥጃ ቤት አስገቡን። ውሃ የሚቀዳና ቤት የሚጠርግ ሰው ባይፈልጉ ኖሮ እሱንም አናገኝም ነበር።

ሻምበሉ የሚወደው ሁለት ነገር ነበር፤ ውሻውንና አበባውን። ውሻው ጆሮው የተንጠለጠለ ጥቁር ነው፤ እኔ በተዳርኩበት አልጋ ላይ ይተኛል። አበባው ደግሞ በዘይት ጣሳ እንደተተከለ ከአስመራ በካሚዮን መጣለት። ቅጠሉ እንደ ወይራ ቀጭንና ጠንካራ ነው፤ አበባው የንጋት ሰማይ ይመስላል። ገሚሱን እልፍኝ ውስጥ ደረደረው፣ ገሚሱን በረንዳው ላይ። ስሙን ስላላወቅን "የሻምበሉ ወይራ" አልነው። የጠላት ነው ብዬ አልዋሽም፣ ያምር ነበር።

አንድ ቀን አንዱ ወታደር ቅርንጫፉን ከርክሞ ክርክሙን እኛ ደጅ ላይ ጣለው። ውሃ ወርጄ ስመለስ ጥጃው አረፋ እየደፈቀ እግሩ ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ቆይቶ ተገነደሰ፤ እናቱ እየላሰችው ሞተ። አማቴ ሆዱን በቢላዋ ቢቀዱት ያ ቅጠል ሳይፈጭ እንዳለ ወጣ።

"እቴቴ፣ ይኸ ነገር ድመቷንም ሊጨርስብን ነው" አልኩ።

"ድመቷንስ አስራታለሁ። የምፈራው ለዚያ ውሻ ነው" አሉ። "እሱ የሞተ ቀን ከእኔና ካንቺ በቀር ማንን ይይዛሉ? ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ሄደን እንንገረው።"

ሄድን። አስተርጓሚው ከሌላ አውራጃ የመጣ ያገራችን ሰው ነበር። አማቴ ጎንበስ ብለው "ጌታዬ፣ እንስሳ ባለበት ቤት ይኸን ተክል አያኑሩት። ጥጃዬን ገደለብኝ፤ ውሻዎንም ይገድለዋል" አሉ። ሻምበሉ ሲተረጐምለት ሳቀ። አንዷን አበባ ቀጥፎ ደረቱ ላይ ሰካና ረዘም አድርጎ ተናገረ።

"በእናቴ ቤት ደጃፍ እንዲህ ያለ ዛፍ አለ፤ ከሥሩ ነው ያደግሁት ይላል" አለን አስተርጓሚው። "በሉ፣ ሂዱ።"

ከዚያ ወደ ቋሪት ዘመቱ። ሲመለሱ የሻምበሉ ልብስ የተቃጠለ ጭድ ይሸት ነበር። ከበቅሎዎቹ ኋላ እጃቸው የፊጥኝ የታሰረ ገበሬዎች ይነዱ ነበር፤ በማግስቱ ገበያው መካከል ሰቀሏቸው። እግሮቻቸው ገና እየተወዛወዙ እኔ ለማታ ግብዣ አበባ እንድቈርጥ ታዘዝኩ። ቈረጥኩ። በትልቅ ብርሌ ውሃ ሞልቼ፣ አበባውን ሰክቼ፣ ባሳዩኝ አጭር ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት።

ሲነጋ ጩኸት ሰማን። ውሻው ብርሌውን ገልብጦ ውሃውን ጠጥቶ፣ ቅጠሉንም አኝኮ፣ አልጋው ላይ ደም እየተፋ ሞቷል። ሻምበሉ አቅፎት እንደ ሕፃን አለቀሰ። ከዚያ እንባውን ጠረገና ወደ እኛ መጣ። አስተርጓሚው አማቴን በአንቺታ እየጠራ ተረጐመ።

"ይሞታል ብለሽ ነበር፤ ይኸው ሞተ። መርዙን የት አኖርሽው?"

"መርዙማ ጣሳው ላይ ነው ያለ፣ ጌታዬ። ተናግሬ ነበር" አሉ።

"አዎ፣ ተናግረሻል" አለ።

ለማዳን የተናገርነው ቃል ምስክር ሆኖ ተነሣብን። አማቴን ከግቢያችን ዋንዛ ጋር አስረው በጉማሬ አለንጋ ይገርፏቸው ጀመር። መጀመሪያ ቀሚሳቸው ተቀደደ፣ ቀጥሎ ቆዳቸው። "አዛኝቱ፣ አዛኝቱ" ይላሉ እንጂ አይጮኹም። አለመጮኻቸው ገራፊውን አናደደው መሰለኝ፣ ክንዱን ለወጠ። እኔ ሮጬ ጀርባቸው ላይ ተለጠፍኩ። አንዱ ወታደር በሰደፍ መንጋጋዬን ሲለኝ አፌ በጥርስ ስባሪ ሞላ። የግራ ጆሮዬ ከዚያ ቀን ወዲህ አይሰማም።

ደሙን ተፍቼ "ፍየሏን አምጡ!" ብዬ ጮኽኩ። "ትብላለት፣ በዓይኑ ይይ!"

አስተርጓሚው ነገረው። ሻምበሉ እጁን አነሣ፤ ግርፋቱ ቆመ። ፍየሏ ከኔ እጅ ሌላ አታውቅም፣ እናቷ ስትሞት በጣቴ ወተት እያጠባሁ ነው ያሳደግኋት። በረንዳው ላይ ካለው ጣሳ ቅጠልና አበባ ዘንጥዬ ሰጠኋት። አምናኝ በላች። ሁላችንም ቆመን ጠበቅን፤ አማቴ እንደታሰሩ፣ ሻምበሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ። ፀሐይ አናት ሳትደርስ የፍየሏ ጉልበት ከዳት፤ እያቃሰተች ትንፈራገጥ ጀመር። ሻምበሉ ተነሥቶ ሽጉጡን መዘዘና ግንባሯን መታት። ለእሷ አዝኖ ይሁን ለራሱ እስካሁን አላወቅሁም።

"አበባውን ውሃ ውስጥ ያደረገው ማነው?" ሲል አስጠየቀ።

"እኔ ነኝ፤ ታዝዤ ነው" አልኩ።

አስተርጓሚው ዓይኑን ከዓይኔ አሽሽቶ፣ የአንዱን ወታደር ስም ጠርቶ በጣልያንኛ መለሰለት። እንዳልኩት ቢተረጉመው ኖሮ ዛሬ በሕይወት ባልኖርኩ። ሻምበሉ ወደ እኔ አልዞረም፤ ያን አበባ የከረከመውን ወታደር አስጠርቶ በሽጉጡ እጀታ ፊቱን እየደጋገመ መታው። እኛን ከበር ውጭ ወረወሩን። ላማችንን ለሥጋ አስቀሩ። ድመቷ በግርግሩ ገመዷን በጥሳ ጠፍታለች።

አማቴን በደረቴ አስደግፌ፣ አንዳንዴም አዝዬ፣ ሽንዲ ቆላ ደረስን። ጀርባቸው መግል ይዞ ብዙ ከረመ። ባሌ ያን ጀርባ ካየ ወዲያ፣ ምርኮኛ ሲያዝ በአጠገቡ እንዳያስቀምጡ ጓደኞቹ ይጠነቀቁ ነበር።

ጣልያን ቡሬን ለቆ ሲሸሽ ተመለስን። ባሌ ቀኝ እጁን ጦር ሜዳ ላይ ጥሏል። ቆርቆሮው በጥይት ተበሳስቷል። የሻምበሉ ወይራ ግን ጣሳውን ቀዶ ሥሩን መሬት ሰዷል፣ ከጣራው እኩል ሆኖ አብቧል። አማቴ ወደ ቤት እንኳ ሳይገቡ "መጥረቢያ" አሉ።

"እናቃጥለው?" አለ ባሌ።

"ጭሱም አይታመንም። ቅበሩት።"

ከነሥሩ ነቅለን በጥልቅ ጕድጓድ ቀበርነው፣ ደንጊያም ጫንንበት። በረንዳው ሲራቆት ግን ከፋኝ። "እቴቴ፣ አበባ የሌለው ደጅ የሙት ቤት ይመስላል" አልኳቸው። ይቈጡኛል ብዬ ነበር። "ታዲያ ማን ከለከለሽ? ጥጃ በልቶት በሰላም ያደረውን ትከዪ" አሉኝ። እንደዚያ እያልን መረጥን። ጽጌረዳ፣ በሶብላና ጠጅ ሣር አስገባን። ለአጥር ቅንጭብ ሲያመጡልን አማቴ ወተቱ የከብት ዓይን ያጠፋል ብለው መለሱት። በር ላይ የበቀለውን ጉሎና አስተናግርም ፍሬው መርዝ ነው ብለው በእጃቸው ነቀሉት።

ከሁለት ቤት ወዲያ ያለችው ጎረቤታችን ግን በጣልያን ጊዜ ከዚያው ተክል ቅርንጫፍ ወስዳ፣ በጎቿ በሚያድሩበት ቤት ውስጥ በገንቦ ስባሪ አሳድጋዋለች። አማቴ ሰምተው ማጭድ ይዘው ሄዱ፤ እኔና ባሌ ተከተልን።

"ንቀይው፣ ልጄ" አሏት።

"በዚያ ሁሉ መከራ ያየሁት አንድ ውብ ነገር እሱ ነው። አልነቅልም!"

አማቴ ማጭዱን ሲያነሡ ባሏ ዱላውን መዘዘና ክንዳቸውን መታ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ባሌ በቀረችው እጁ አንገቱን አንቆ ከግድግዳ ጋር አጣበቀው፤ የሰውየው ፊት ጠቆረ። ሴትዮዋ ጮኸች፣ እኔም ጮኽኩ። "ልቀቀው! እኔ ለበጎቹ ነው የመጣሁት!" ያሉት አማቴ ናቸው። ባሌ ብዙ ቆይቶ ለቀቀው።

ሽማግሌ ተቀመጠ፤ የነፍስ አባታችንም ነበሩበት። ተክሉ እንዲነቀል ተፈረደ። ሰውየው በአንገቱ ደንጊያ ተሸክሞ ደጃችን ላይ ተደፋ። አማቴ ክንዳቸው በቀርከሃ ታስሮ ወጡና በደህናው እጃቸው ደንጊያውን ከአንገቱ ገፉት።

"ተነሥ" አሉት። "ሚስትህን ላካት፣ የጽጌረዳ ቅርንጫፍ ትቁረጥ።"

በማግስቱ መጣች። እኔ ቈርጬ ሰጠኋት፣ ተቀብላ ሄደች።