የማያብበው አበባዬ

ያኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር። አማቴ ባላቸውን ቀብረው ከሃላሌ ወደ ሶዶ፣ እኛ ጋ መጡ። ባለቤቴ እናቱ ባዶ ቤት ብቻቸውን እንዲከርሙ አልፈለገም። እሳቸው ግን ልብሳቸውን የቋጠሩበትን አሮጌ ነጠላ ሳይፈቱ ሚስማር ላይ ሰቀሉት። በየሳምንቱ ከገበያ ቀን በኋላ እሄዳለሁ ይላሉ።

ሳሎናችን ውስጥ፣ ከቁም ሳጥኑ ጎን፣ በግማሽ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን አንድ አበባ ነበረኝ። አበባ እንለዋለን እንጂ አያብብም፤ ሰፊ አረንጓዴ ቅጠሉ ላይ ነጭ የተረጨበት ነው። ሥራ ተመድባ ከሰሜን የመጣች ጎረቤቴ ስትቀየር ነው የተወችልኝ። መጀመሪያ አላወቅሁበትም፤ መስኮት ሥር አስቀምጬው ፀሐይ ቅጠሉን ለበለበብኝ። ጥግ ሳስይዘው፣ ከበሩ የሚገባው ብርሃን ብቻ ሲደርሰው፣ ወገቤ ድረስ አደገ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ እጠርግለታለሁ። ልጅ አልነበረንም ያኔ፣ ታዲያ አንዳንዴ ሳዋራውም እገኛለሁ።

አማቴ ይስቁብኝ ነበር። ቅጠሉ ቦይና ይመስላል፣ ጎዳሬውን ማለቴ ነው። "ቦይና ከሆነ ቀቅይው፣ አበባ ከሆነ አበባው የታለ?" ይሉኛል። ሳቃቸው ደስ ይለኝ ነበር፤ ከዚያ ውጪ እጃቸውን አጣምረው ደጃፍ ላይ ነው የሚውሉት። ዕድሜ ልኩን እንሰት ሲተክል የኖረ እጅ።

አንድ ቀን ከልብስ ስፌት ሱቄ ስመለስ ጥጉ ባዶ መሰለኝ። ግንዱ ከመርዘሙ ብዛት አጋድሎ ነበርና፣ አማቴ እንሰት ነቅለው ሌላ ቦታ ሲተክሉ እንደሚያደርጉት ቅጠሉን ሁሉ መልምለው፣ ከላይ ቆርጠው፣ ጉቶውን ብቻ በዚያው ጀሪካን በአዲስ አፈር ተክለውታል። የግንዱ ፈሳሽ አሳክኳቸው እጃቸውን በአመድ ያሻሉ። አሁን ይጠነክራል አሉኝ። የተመለመሉትን ቅጠሎች ከመሬት መልቀም ጀመርኩ። ፊቴ ግን ማዘኔን ነግሯቸው ኖሯል።

በማግስቱ ነጠላውን ከሚስማሩ አውርደው፣ ታቅፈውት ደጃፍ ተቀመጡ። ባለቤቴ ቢለምን ቢለምን፣ የሰው ቤት ማበላሸት ይበቃኛል አሉ። እዚያ ማን አላቸው? ገባሁና ጉቶውን ከነጀሪካኑ አምጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩት።

"እማ፣ የቆረጡት እርስዎ ነዎት። እኔ ሱቅ ነው የምውለው። እስኪበቅል ማን ያየዋል?"

"ካልበቀለስ?"

"ካልበቀለ ያን ጊዜ ይሄዳሉ።"

ብዬ ራሴው ደነገጥኩ። ይብቀል ይበስብስ በምን አውቄ ነው?

እሳቸው ግን ጀሪካኑን ተሸክመው ጨለም ወዳለችው ክፍላቸው አስገቡት። ነጠላውንም መልሰው ሰቀሉ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ከተት እያደረጉ እርጥበቱን ያያሉ። ውሃ ላጠጣ ስል እጄን መታ ያደርጉኛል፣ ገና ነው እያሉ። ሳምንታት አለፉ፤ ጉቶው ያው ጉቶ ነው። የገበያ ቀን በመጣ ቁጥር ዓይኔ ሚስማሩ ላይ ነው።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ማለዳ ጠሩኝ። ጣቴን ይዘው ጉቶው ጎን ላይ አሳረፉት። እንደ እርሳስ ጫፍ የሾለ፣ ገና ያልተፈታ ጥቅል ቅጠል ነበር።

የዚያን ዕለት ከሰዓት አማቴ ነጠላውን ፈትተው ልብሳቸውን ቁም ሳጥኔ ውስጥ ደረደሩ። ከዚያ ነጠላውን አጠቡት፤ ከጫፉም ቀደው ለቅጠሉ መጥረጊያ አደረጉ።