ከዋርካው ሥር ያለው ፀጉር አስተካካይ

ኮልካታ፣ ከትራሙ ማቆሚያ አጠገብ፣ ከዋርካ ሥር የሚሠራው ፀጉር አስተካካይ የሰፈሩን ጺም ሁሉ ሲላጭ ይውላል፤ የራሱ ጺም ላይ ግን ወፍ ጎጆ ብትሠራም አይታወቅም። ከግንዱ ባስደገፈው መስተዋት ላይ አንዲት የውሻ አንገት ቃጭል አንጠልጥሏል። ውሻ ሲጠጋው ግን በፎጣ ያባርራል።

ስለዚህ የሰፈሩ ልጅ ሞንዲራ የውሻዋ የቡልቱ ጥፍር ተሰንጥቆ ደሙ አልቆምላት ሲል፣ የቀረበችው ፈራ ተባ እያለች ነበር።

«ጋሼ፣ እባክዎ...»

«እኔ ውሻ አልላጭም!» አለ፤ እጁ ግን የቡልቱን እግር ይዟል። ጥፍሩን በንጹሕ ጨርቅ ጥብቅ አድርጎ ከያዘ በኋላ፣ ምላጭ ሰው ሲቆርጥበት ደም የሚያቆምበትን ነጭ ድንጋይ በውኃ አርሶ ነካ አደረገበት። ቡልቱ ሲያለቅስ እፍ እፍ አለለት።

«የኔስ ግማሽ ፊት?» አለ አረፋ የተቀባው ደንበኛ።

«ጺምህ የትም አይሄድ፤ ቁጭ በል!»

ደሙ ቆመ። ቡልቱ ደስ ብሎት ጭራውን ሲቆላ መስተዋቱን መታው፤ ቃጭሏም ጮኸች። ሰውዬው ድንገት ጎንበስ ብሎ ባዶውን የወንበር ሥር አየ።

«የማን ነበረች ጋሼ?» አለች ሞንዲራ።

«የደንበኛዬ» አለ፣ ምላጩን እየሳለ። «አሥራ ሦስት ዓመት ሲመላለስ አንድ ቀን እንኳ አልተላጨም።»