አባቴን ለሠርግ ያደረሰው አውቶቡስ

ዛሬ ሶዶ አቅራቢያ ባለችው ከተማችን በተበላ መራመድ የማይችሉ ሽማግሌ ተደግፈው ሚኒባስ ሲገቡ አይቼ፣ አባቴ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አባቴ እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ከተበላ ወጥቶ አያውቅም። መኪና የሀብታም ነበር።

ሶዶ አጎቴ ቤት ያደገችው እህቴ እዚያው ስትዳር ግን ድሃም የሚችለው አውቶቡስ መጥቶልን ነበር። ጎረቤቶች አባቴን ተሸክመው አሳፈሩት። (እናቴ ፈርታ እስክንደርስ ዓይኗን አልገለጠችም!)

ሠርጉ ቤት ስንደርስ ጭፈራው ቀጥ አለ። ሙሽራዋ እህቴ ሮጣ ወጣች።

"አባ! በምን መጣህ?"

"እንደ ሰው ተሳፍሬ!" አለና እጁን ራሷ ላይ አድርጎ መረቃት። እንዲያ ቀና ብሎ አይቼው አላውቅም።

የእናንተን ቤተሰብ የመጀመሪያው አውቶቡስ ማን ዘንድ አደረሰው? እስኪ አጫውቱኝ።