ቀርፋፋው ሃርድ ዲስክ እና የእጅ ምርቃት

የሠርግ ቪዲዮ ልታሠራ የመጣች ደንበኛ ገና ሳትቀመጥ የምትጠይቀኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ፎር ኬ ነው?» አዎ፣ ፎር ኬ ነው፤ የሥዕሉ ጥራት ከፍተኛ ነው ማለት ነው። ይህን ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ አያውቁም፤ የጎረቤት ሠርግ ፎር ኬ ከነበረ የእነሱም መሆን አለበት፣ አለቀ። እኔም ብሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ነገር ጉረኛ ነኝ። ካሜራዬ በሚችለው ከፍተኛ ጥራት እቀርጻለሁ፣ የቀረጽኩትንም ሳላቀልል እንዳለ ነው ኤዲት የማደርገው። ፋይሉን አቅልሎ የሚሠራ ባልደረባ ሳይ፣ ወጥ ላይ ውኃ የሚጨምር ምግብ ቤት የገባሁ ይመስለኛል።

የምሠራው ኮልፌ 18 ማዞሪያ፣ ከአንድ ግሮሰሪ በላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ከሥር ሙዚቃ ሲከፈት ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ በመስኮቱ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ይገባል፤ ሥራዬም ጩኸት ስለሆነ አይረብሸኝም። ኮምፒውተሬ አርጅቷል። የውስጡ ዲስክ እስከ አፍንጫው ስለሞላ ሠርጎቹን ሁሉ የማስቀምጠው በገመድ በሚሰካ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ይሄ ዲስክ ደግሞ ቀርፋፋ ነው። ከባድ ፋይል ሲከፈትበት የቻለውን ያህል ያቀብላል፣ ያልደረሰበትን ይዘላል፤ ቪዲዮውም እየተንገጫገጨ ይሄዳል። ለእኔ ይህ ችግር ሆኖብኝ አያውቅም። ሠርግ የሚቆረጠው በጆሮ ነው፤ ከበሮው ሲመታ፣ እልልታው ሲነሳ የት እንዳለሁ አውቃለሁ። ጭፈራ ላይማ ሥዕሉ ቢዘልስ ማን ልብ ይላል፣ የሚጨፍሩትም ይዘላሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሠርጓን በቅርቡ የቀረጽኩላት ልጅ ብቻዋን መጣች። ሙሽራ በዚህ ሰሞን ብቻዋን አትወጣም ብዬ ቀለድኩባት።

«ምነው ሙሽሪት፣ ጫጉላው ሰለቸሽ እንዴ?»

«አይ ጋሼ» አለች ፈገግ ብላ። «ቪዲዮው እንዳላለቀ አውቃለሁ። አንድ ቦታ ብቻ ነው ማየት የምፈልገው፣ እናቴ ስትመርቀን ያለውን።»

ቦታውን አስታወስኩት። ዘነበወርቅ ሰፈር፣ በእናትየው ቤት፣ ሙሽራው ሊወስዳት በመጣበት ጠዋት ነው። እናትየው ልብስ ሰፊ ናቸው። መስማት የተሳናቸው ስለሆኑ የሚናገሩት በእጃቸው ነው፤ ያውም ትምህርት ቤት የሚሰጠውን የምልክት ቋንቋ ሳይሆን፣ እናትና ልጅ ለብቻቸው ሲኖሩ ያበጁትን። ሙሽሮቹ ተንበርክከው የእናትየውን ጉልበት ሳሙ፣ እንደ ወጉም አቀርቅረው ቆዩ። እናትየው ከሁለቱ በላይ እጃቸውን አንስተው ረዘም ያለ ምርቃት መረቁ። ቤቱን የሞላው ሰው እጃቸው ረገብ ባለ ቁጥር «አሜን» ይል ነበር፤ ምን እንደተባለ ያወቀ ግን አንድም አልነበረም። ማወቅ የምትችለው ልጃቸው ብቻ ናት፣ እሷ ደግሞ አቀርቅራለች።

እኔ ያኔ ካሜራ ይዤ ቆሜ ይህን ጨርሶ ልብ አላልኩም። የነገረችኝ እሷ ናት።

«እኔ ያየሁት ጫማዋን ነው» አለች።

«ታዲያ ድገሚልኝ አትያትም?»

«አልኳት። ምርቃት የሚነገረው ለእግዜር ነው፣ እሱ ደግሞ አይቶታል አለችኝ። አንዴ እንዲህ ካለች አትመለስም። ግን ጋሼ፣ እናቴ ከሰው ጋር የተነጋገረችው ነገር ሁሉ በእኔ በኩል ያለፈ ነው። ያመለጠኝ ይሄ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ለእኔ የተባለው ነው።»

ቁጭ ብላ ስለ ልጅነቷ አጫወተችኝ። አከራያቸው ሲቆጣ ቁጣውን ለእናቷ የምታደርሰው እሷ ነበረች። ሐኪም ክፉ ነገር ሲናገር መጀመሪያ የምትሰማው እሷ፣ በእጇ ለእናቷ የምትነግረውም እሷ። ደንበኛ ልብሱ አልበቃኝም ብሎ ስድብ ሲጨምርበት፣ ስድቡን ልንገራት ወይስ ልተወው እያለች የምታመነታ ሕፃን ነበረች። ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እንባ እንኳ አላቀረረም።

ፋይሉን ከፈትኩላት። ጥራቱ ልክ እንደምጎርርበት ነበር፤ የእናትየው የነጠላ ጥለት ክር በክር ይታያል። እጆቻቸው ግን እዚህ ታይተው ድንገት እዚያ ይገኛሉ፤ መሐል ላይ የሄዱበት መንገድ የለም።

«ይንተባተባል» አለች።

«ዲስኩ ነው፣ አይዞሽ።»

«እናቴ ተንተባትባ አታውቅም» አለች፣ ወቀሳ በሌለበት ድምፅ።

ሥዕሎቹን አንድ በአንድ እያቆምኩ ላሳያት ሞከርኩ። ራሷን ነቀነቀች። ቃሉ ያለው እጁ ሲቆም ሳይሆን ሲሄድ ነው አለችኝ፤ ያው እጅ ቀስ ብሎ ሲወርድ አንድ ነገር ነው፣ ፈጥኖ ሲወርድ ሌላ። እንግዲህ ማጫወት ግድ ሆነ ማለት ነው። ፋይሉ ካሜራው ከጠዋት ጀምሮ ሳይቋረጥ የቀረጸው ስለሆነ ወደ ኮምፒውተሩ ውስጥ ልገልብጠው ብል ቦታ አይበቃውም። ፕሮግራሙ ላይ የማሳያውን ጥራት በግማሽ ቀነስኩ። ለውጥ የለም። የቀነስኩት ዓይናችን የሚያየውን ነው እንጂ ዲስኩ የሚጎትተው ያው ከባዱን ፋይል ነበር።

ቀጥሎ፣ በስልክ ለመላክ እንደሚደረገው፣ ምርቃት ያለበትን ቦታ ለይቼ አጥብቄ አመቅኩት። ፋይሉ አነሰ፣ ዲስኩም ተነፈሰ፤ አሁን ደግሞ የተያዘው ኮምፒውተሬ ነው። እንደዚህ በታመቀ ቪዲዮ ውስጥ ሙሉ ሆኖ የሚቀመጠው አልፎ አልፎ ያለ ሥዕል ብቻ ነው፤ የቀረውን ኮምፒውተሩ ከፊትና ከኋላው እያሰላ ይሞላዋል። አሮጌው ማሽኔ ስሌቱ ከበደው። ባሰላውም ላይ ፈጥነው የሚሄዱት ጣቶች እንደ ሊጥ ተጣብቀው ታዩ።

«አሁን ደግሞ ጓንት አደረገች» አለች።

ሳቅን። እኔ ግን ውስጤ በግኗል። ይህን ያህል ዘመን በዚህ ሥራ ኖሬ አንዲት እናት ለልጇ ያለችውን ማሳየት አቃተኝ ማለት ነው። ነገ ተመለሺ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዘወር ስል ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ሳይታወቃት እጆቿ የእናቷን እጆች ይከተላሉ። ቪዲዮው የሚዘልበት ቦታ ሲደርሱ መንገድ ጠፍቷቸው አየር ላይ ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ ነገ ማለት አልቻልኩም።

የቀረው እኔ የምንቀው መንገድ ነበር። ሥዕሉን ማሳነስ፣ ከፎር ኬ ስፋቱ ሩቡን እንኳ እንዳይሞላ አድርጎ፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ሥዕል ለየብቻው ሙሉ አድርጎ ማስቀመጥ፣ አንዱንም ሳይጥሉ። ዲስኩ የሚጎትተው ስለሚያንስ ይደርሳል፣ ኮምፒውተሩም እያሰላ የሚሞላው ክፍተት ስለማይኖር አይደክምም። የሙያው ሰዎች ፕሮክሲ ይሉታል፤ ለሥራ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቀላል ቅጂ ነው። እኔ አንድም ቀን ሠርቼ አላውቅም ነበር። ማሽኑ እስኪጨርስ ከሥር ሻይ አስመጥቼ ጠጣን።

ከፈትኩት። የነጠላው ጥለት ጠፋ፣ የእናትየው ፊትም ትንሽ ደበዘዘ። እጆቻቸው ግን ሄዱ። ከደረታቸው ተነስተው፣ ከፍ ብለው፣ ወዳቀረቀሩት ሁለት ራሶች ሳይቋረጡ ወረዱ። ደስታዬን እንደ ሕፃን ወንበሩ ላይ ተቁነጥንጬ ነው የገለጽኩት።

ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ የለመደችውን አደረገች። ሳልጠይቃት፣ ጮክ ብላ ትተረጉምልኝ ጀመር፤ በእናቷ ቦታ ሆና ነው የምትናገረው።

«ልጄ፣ ቤትሽ ይሙላ። ወልደሽ ሳሚ። ክፉ አይንካሽ።»

እጆቹ ለአፍታ አረፉ፣ ሰው አሜን አለ። እንደገና ተነሱ።

«እኔ በአንቺ አፍ ኖርኩ። አከራዩን የለመንኩት በአንቺ አፍ ነው፣ ሐኪሙን የሰማሁት በአንቺ ጆሮ ነው። ሕፃን ሆነሽ የትልቅ ሰው ነገር አሸከምኩሽ። አውቃለሁ።»

እጆቹ ሳያርፉ ቀጠሉ፣ እሷም አብራቸው።

«ከዛሬ ጀምሮ የማንም አፍ አትሁኚ። የምትናገሪው የራስሽ ይሁን፣ የማትናገሪውም የራስሽ።»

እዚህ ላይ መተርጎሟን ተወች። በስክሪኑ ላይ እናትየው ገና አልጨረሱም፤ እጆቻቸው ከፍ ዝቅ እያሉ ብዙ ተናገሩ። ልጅቷ እያንዳንዱን ተከትላ አየች፣ አንድ ቦታ ላይ ሳቀች፣ ሌላ ቦታ ላይ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ምን አሉ ብዬ ልጠይቃት ዞርኩና ተውኩት።

ሲያልቅ ጠየቅኳት።

«ዘመድ ሁሉ እንዲገባው ከሥር ጽሑፍ ላስገባበት?»

«አይ ጋሼ» አለች። «እንደገና ይክፈቱልኝ።»

ከፈትኩላት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየችው፤ አንድም ቃል አልተረጎመችልኝም።