የቶንለጊ ቅዱሳን

ዲምፍና ጊልሁሊ ዕድሜዋን የፈጀችው የሴቶች ፀጉር ስትሠራ ነው። ካስካ ስር የተቀመጠች ሴት ሁሉ ሆዷን ዘርግፋላት ትሄዳለች። ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ የማን ባል ከየትኛው መጠጥ ቤት እንደማይጠፋ፣ እሷ የማታውቀው የለም። የራሷን ምስጢር ግን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ምስጢሯም የመንደሯ ስም ነበር።

መንደሩ ቶንለጊ ይባላል። ከጥንቱ የአይሪሽ ቋንቋ የመጣ ስም ሲሆን ትርጉሙ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ «ቂጥ ለንፋስ» ማለት ነው። ስሙን ያወጡት ሰዎች ባለጌ ሆነው አይደለም። ከባሕሩ የሚመጣው የምዕራብ ንፋስ እዚያ ቀልድ አያውቅም። ኮረብታው ጀርባውን ሰጥቶት ቁጭ ብሏል፣ ቤቶቹም ጀርባቸውን ሰጥተውት ተሠርተዋል፣ ላሞቹም እንደዚያው ሆነው ይቆማሉ። በንፋስ ቀን ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ደግሞ ዞሮ የኋሊት ይሄዳል። ቶንለጊ ውስጥ የኋሊት እየሄደ ቤቱ የሚገባን ሰው አበደ የሚለው የለም።

ዲምፍና የመነኩሲቶች ትምህርት ቤት ስትገባ አስተማሪዋ ሲስተር ልጆቹን አንድ በአንድ እያስነሳች የመንደራቸውን ስም ትርጉም ጠየቀች። አንዷ «የማር መስክ» አለች። ሌላዋ «የንስር ቋጥኝ» ብላ ኮራ ብላ ተቀመጠች። ዲምፍና እውነቱን ተናገረች። ሲስተር ራሷ ሳቋን መያዝ አቅቷት ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረች፤ ልጆቹም እስኪመረቁ ድረስ «ንፋሷ» እያሉ ጠሯት። ከዚያ ወዲህ የጠየቃትን ሁሉ «የቅዱሳን መስክ ማለት ነው» እያለች ትመልስ ጀመር። ጨዋ ውሸት ነው፣ ማንንም አይጎዳም ብላ ነበር።

ታዲያ ልጇ ኢንዳ የደብሊን ዳኛ ልጅ አጨና ጉድ ፈላ። የሙሽሪት እናት ወይዘሮ ፊዴልማ አይሪሽኛዋን እንደ ብዙው ሰው ትምህርት ቤት ጥላው የወጣች ናት፤ ዲምፍና በስልክ የመንደሩን ስም «የቅዱሳን መስክ» ብላ ስትፈታላት ልቧ ቅልጥ አለ። የተያዘውን ሆቴል አሰረዘች፤ ልጄ የምትዳረው በቅዱሳን መስክ ነው ብላ ለዘመድ አዝማድ ነዛችው። ቅዳሜ ደግሞ ቦታውን ላይ እመጣለሁ አለች። ዲምፍና እንቅልፍ አጣች። ውሸቷ ከተነቃባት ልጇ በአማቶቹ ፊት የውሸታም ልጅ ሆኖ ሊቀር ነው።

ጎረቤቷን ባርትሌን አጥር ላይ ያዘችው። ባርትሌ ሚስት ሳያገባ ያረጀ፣ ዶሮዎቹን ሳይቀር የኋሊት እየሄደ የሚሰበስብ ሰው ነው።

«ቅዳሜ እንግዳ አለብኝ። ስለ ስሙ ከጠየቀችህ ቅዱሳን በል።»

«የትኞቹ ቅዱሳን?»

«የትኞቹም ይሁኑ። ደግሞ የኋሊት እንዳትሄድብኝ።»

«ንፋስ ከሆነስ?»

«ንፋስም ቢሆን እንደ ሰው ፊት ለፊት ትሄዳለህ።»

«አንቺ ልጅ፣ አያቴን የገደለው ንፋስን ፊት ለፊት መሄድ ነው እኮ።»

«አያትህን የገደለው መጠጥ ነው።»

«እሱማ ልክ ነሽ። ፊት ለፊት የሄደውም ስለሰከረ ነው።»

ቅዳሜ ንፋሱ እንደ ተጠራ እንግዳ ማልዶ መጣ። የወይዘሮ ፊዴልማ መኪና በጠባቧ መንገድ አላልፍ ስላለ መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆመ፤ ዲምፍና እዚያው ተቀብላት ሁለቱ ሴቶች በእግር ወደ ምዕራብ ተነሡ። የእንግዳዋ ባርኔጣ ገና ከመኪናው ስትወርድ ነው ወደ ጎረቤት ወረዳ የሄደው። ዲምፍና ጥርሷን ነክሳ ፊት ለፊት ትሄዳለች። እንግዳዋም እንባዋ እየወረደ፣ ትንፋሿ እየተቆረጠ ትከተላለች።

ባርትሌ ከኋላቸው መጥቶ ጎናቸው ደረሰ፤ የኋሊት፣ ፒፓውን እያጤሰ፣ ምንም ሳይመስለው። ዲምፍና ዓይኗን አፈጠጠችበት። ቃሉ ትዝ ቢለው ዞረና «እንኳን ደህና መጡ ወይዘሮ፣ እዚህ ድሮ ቅዱ…» ከማለቱ ንፋሱ የቀረውን ቃል ከነጭሱ መልሶ አጎረሰው።

በዚህ መሀል የወይዘሮ ፊዴልማ ካፖርት ተገልብጦ ጭንቅላቷን ሸፈነው። ሴትዮዋ ዓይኗ ሳያይ ውኃ ወደሞላው ቦይ መንገዳገድ ጀመረች።

«እባክዎ ጀርባዎን ያዙሩ፣» አለች ዲምፍና። አልተሰማም።

«መቀመጫዎን ወደ ንፋሱ ያድርጉልኝ።» እሱም አልተሰማም፤ ያ ንፋስ ጨዋ ቃል አያሳልፍም። ሴትዮዋ ቦዩ አፋፍ ላይ ደረሰች። ዲምፍና ሆዷ እስኪነፋ አየር ስባ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የዋጠችውን አወጣችው።

«ፊዴልማ! ቂጥሽን ለንፋስ ስጪው!»

ፊዴልማ ሰጠች። ካፖርቱ ወረደ፣ ትንፋሿም ተመለሰ። ሦስቱም ጎን ለጎን የኋሊት መሄድ ጀመሩ።

«እንዲህ ቀላል ከሆነ ለምን ቅድም አልነገርሽኝም?» አለች ፊዴልማ።

«የመንደሩ ስም እሱ ስለሆነ ነው። ቅዱሳን የሚባል ነገር የለም። አፍሬበት ዋሸሁሽ፣» አለች ዲምፍና።

ፊዴልማ ቀጥ ብላ ቆመች። ባርትሌ ፒፓውን ከአፉ አወጣ። የሴትዮዋ ትከሻ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ዲምፍና አለቀሰች ብላ ደነገጠች።

«የባሌ እህቶች፣» አለች ፊዴልማ በሳቅ እየታፈነች፣ «ለቅዱሳኑ ክብር ብለው ነጭ ጓንት አሰፍተዋል።»

ዲምፍና አልሳቀችም። «ሠርጉስ?» አለች ቀስ ብላ።

«ሠርጉ እዚሁ ነው። ብቻ ልጄ ያን ሁሉ ቬሎ ለብሳ በዚህ መንገድ እንዴት ልትገባ ነው?»

«እንደ ሁላችን፣» አለች ዲምፍና፣ «ቂጧን አስቀድማ።»