ለመነኩሴ የተጫነ የሙሽራ አልጋ

ቅዳሜ፣ ጎሕ ሲቀድ፤ አዲስ አበባ

እናንተዬ፣ በጥቅምት ብርድ ከሞቀ አልጋ መነሣት ምን ያህል እንደሚከብድ ለእናንተ አይነገርም። እኔ ደግሞ የተነሣሁት ሌላ አልጋ ልሸኝ ነው። ታላቅ ወንድሜ ደምሰው አይሱዙውን ደጃፌ ላይ አቁሞ ጥሩንባውን ይነፋዋል፤ ጎረቤቱ በየመስኮቱ ብቅ ብሎ ያየናል። ከኋላው መጫኛ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ፣ ራስጌው ነጭ ቆዳ የለበሰ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ቁልፍ የተደረደረበት፣ ቤተሰብ የሚያስተኛ አልጋ ተጋድሟል።

«ወንድም ጋሼ፣ ይኼ ለመነኩሴ ነው?»

«ለአባ ተክለ ማርያም ነው። ወሬሽን ትተሽ ግቢ።»

ገባሁ። ነገሩን ላስረዳችሁ። ደምሰው የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው፤ በር፣ መስኮት፣ ምስማር ይሸጣል። አንድ ልጅ አለው፣ ናሆም። ልጁ አምና ኩላሊቱን ታሞ ሲሰነብት አባቱ ከሐኪም ቤት አውጥቶ ከእናቱ ጋር ወደ ጎጃም ጠበል ወሰደው። እዚያ አባ ተክለ ማርያም የሚባሉ መነኩሴ ለልጁ ሲጸልዩ ይቆዩና ሲደክማቸው ከጭቃ መደብ ላይ አጎዛ አንጥፈው ጋደም ሲሉ አየ። «ልጄ ከተኛበት ከተነሣልኝ፣ እኔም አባን ከመደብ አነሣለሁ» ብሎ ተሳለ።

ልጁ ተነሣ። ደምሰው የአልጋውን ገንዘብ «ለገዳማት ስጦታ አደርሳለሁ» ለሚል ሰውዬ ሰጠ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ሰውዬውም ገንዘቡም የገቡበት ጠፋ። ወዲያው ናሆም እንደገና ታመመ። ሐኪሙ «መድኃኒቱን ስላቋረጠ ነው» አለ፤ የደምሰው ሚስት ስንቱ ግን «ስለቱ ስላልገባ ነው» አለች። አሁን ልጁ ደኅና ሆኗል፤ እናቱ ግን ባስነጠሰ ቁጥር ከመቀመጫዋ ትነሣለች። ባሏን ስትሸኝ «አባ ተኝተውበት ፎቶ አንሥተህ ካላሳየኸኝ አላምንህም» አለችው። እኔንም «ለሰው ሁሉ ጉዞ ትጽፊ የለ? ለኔም ሂጂና እዪልኝ» ብላ አስገደደችኝ።

ሾፌራችን የሺዋስ የሉማሜ ልጅ ነው። ከመነሣታችን በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን ለሦስት ጓደኞቹ ደውሎ ጠየቀ። «ዛሬ ሰላም ነው አሉ፤ ነገን እግዜር ያውቃል» አለና ቁልፉን አዞረ።

ረፋድ፤ ዓባይ በረሃ

ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ስንወርድ ብርዱ ከመኪናው የወረደ ይመስል ድንገት ጠፋ። ጋቢዬን አወለቅሁ፤ ቀጥሎ ሹራቤን። የሺዋስ በከባድ ማርሽ እያቃሰተ ይወርዳል፤ ከፊታችን ሲሚንቶ የጫኑ ተሳቢዎች፣ ከጎናችን ገደል፣ ገደሉ ላይ እኛን ከቁብ ያልቆጠሩ ዝንጀሮዎች። ደምሰው በየኩርባው አንገቱን እየጠመዘዘ አልጋውን ያያል።

«ጋሼ፣ አይወርድም እኮ፤ እኔ ራሴ ነኝ ያሰርሁት» አለ የሺዋስ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው?»

«ዝም ብዬ ነው የማየው።»

ዝም ብሎ አልነበረም። ፈርቷል። ወንድሜ ሲፈራ የግራ ጆሮውን ያሻል፤ ድልድዩን እስክንሻገር ጆሮው በርበሬ መሰለ።

ደጀን

ከዳገቱ አናት ደጀን ደርሰን ለቁርስ ቆምን። አቧራ፣ የአውቶቡስ ረዳቶች ጩኸት፣ በየደጁ የተቆለለ ሽንኩርት። እኔ ቀይ ወጥ የበዛበት ፍርፍር አዝዤ ሳልጨርሰው ዓይኔ የደምሰውን ሳህን ማየት ጀመረ፤ እሱ አንድ ጉርሻ በልቶ ገፍቶታል።

ምክንያቱ ከአጠገባችን ያለው ጠረጴዛ ነው። ሦስት ሰዎች ስልክ ላይ ተደፍተው ቲክቶክ ያያሉ። አንዱ ወደ እኛ አዞረልን፦ ቆብ የደፉ አንድ መነኩሴ፣ ክሬም ቆዳ በለበሰ የመኪና ወንበር ላይ ተንፈላስሰው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው።

«እዩልኝ እስቲ! እኛ ሙዳየ ምጽዋት የምንከተው ለዚህ ነው?» አለ ሰውዬው።

«ሰው ሰጥቷቸው ይሆናላ» አለ ጓደኛው።

«ቢሰጣቸውስ? ዓለምን ንቄያለሁ ብለው አይደል? የሰጠውም አብሮ ይጠየቃል!»

ደምሰው ጆሮውን አሸ። ሰውዬው ግን አልለቀቀንም፤ በመስኮት አይሱዙውን አየና «አልጋው ለማን ሰርግ ነው ጃል?» አለ።

ወንድሜ ግራ ገባው። ከዚያ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። «የእህቴ ሰርግ ነው።»

በአርባ ምናምን ዓመቴ ደጀን ላይ ተዳርሁ! ሦስቱም ተነሥተው መረቁኝ፤ ቲክቶኩን ያሳየን ሰውዬ «ወልደሽ ሳሚ» አለኝ። አሜን ከማለት በቀር ምን አደርጋለሁ?

ሉማሜ

ከደጀን እስከ ሉማሜ የሺዋስ በሳቅ መሪውን ሊለቀው ምንም አልቀረው። ሉማሜ ላይ የአክስቱ ልጅ ሻይ ቤት አቆመን። እሱ ቀድሞ ገብቶ ነግሯት ኖሮ ገና ስገባ እልልታዋን አቀለጠችው።

«እንኳን ደስ ያለሽ የኔ እመቤት! ምነው ሙሽራው ዘገየሳ?»

«እሱማ በመዘግየቱ አይደል እዚህ ያደረሰኝ» አልኋት።

ለሙሽራ አይከፈልም ብላ ሻይና ዳቦውን ገንዘብ ሳትቀበለን ሸኘችን። መኪናው ውስጥ ስንገባ ግን ደምሰውን አፈጠጥሁበት።

«ለመነኩሴ ነው ማለት ካሳፈረህ ለምን ትወስደዋለህ?»

«አላፈርሁም።»

«ታዲያ ለምን ዋሸህ?»

ከአስፋልቱ ወጥተን ኮረኮንቹን ስንይዝ፣ «ሙልዬ፣ ቢቀበሉኝ ሰው ያማቸዋል፤ ባይቀበሉኝ ልጄን አጣለሁ። አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጫለሽ?» አለኝ።

ከቀትር በኋላ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ

መንገዱ የሚያልቀው ማሳ ላይ ነው። ጤፉ ማዘንበል ጀምሯል፤ ገብሱ ነጥቷል። ከማሳው ማዶ ጽድና ወይራ የከበበው ቤተ ክርስቲያን፣ ከዛፎቹ ሥር የተማሪዎች የሣር ጎጆዎች፣ ከሁሉም ዳር የአባ ተክለ ማርያም ቤት።

አባ አጭር ናቸው። ቢጫ ልብሳቸው ከመታጠብ ብዛት ነጥቷል። ደምሰው መስቀል ሊሳለም ሲጎነበስ ከሰላምታው በፊት «ናሆም እንዴት ነው? ኳሱን ይጫወታል?» አሉት።

«ይጫወታል አባ። ጸሎትዎ ነው።»

«መድኃኒቱንስ በሰዓቱ ይወስዳል?»

«አሁንማ ይወስዳል።»

«ጎሽ። እሱን አታስተጓጉሉ» አሉና ወደ መኪናው ቀና አሉ። «ይኼ ምንድን ነው?»

«የእርስዎ ነው አባ። ስለት ነው።»

ተማሪዎቹ ደበሏቸውን እየሰበሰቡ መጥተው አልጋውን ተሸክመው አወረዱት። ላስቲኩ ሲገለጥ ነጩ ቆዳ በፀሐይ አንጸባረቀ፤ አንዱ ተማሪ በጣቱ ነካ አድርጎ እጁን ቶሎ ሸሸገ። ተሸክመው ወደ አባ ቤት ሄዱና ደጁ ላይ ቀጥ አሉ። በሩ ጎንበስ ተብሎ በጎን የሚገባበት ጠባብ በር ነው። አልጋውን አቆሙት፣ አጋደሙት፣ ገለበጡት፤ ወይ ፍንክች።

ደምሰው ከኪሱ ሜትር አውጥቶ በሩን ለካ፣ አልጋውን ለካ፣ መልሶ በሩን ለካ። ወይ ጉድ! ዕድሜ ልኩን በር የሸጠ ሰው በር መለካት ረሳ።

«ግድግዳውን አፍርሰን እናሰፋዋለን። ነገውኑ ሲሚንቶና ሰፊ በር አስመጣለሁ» አለ።

«ለአልጋ ብለህ ቤቴን ልታፈርስብኝ?» አሉ አባ እየሳቁ። ከዚያ ሳቁን ትተው ክንዱን ያዙት። «ስማኝ ልጄ። ቆብ የደፋሁ ዕለት እንደ ሬሳ ፍትሐት ተደርሶልኛል። ለዚህ ዓለም ሞቻለሁ። ለሞተ ሰው አልጋ ማን ይገዛል? እነዚህ ልጆች ሣር ላይ ተኝተው እኔ እዚህ ላይ ብተኛ ምን ብዬ አስተምራቸዋለሁ?»

ወንድሜ ወደቀ። በጉልበቱ አይደለም፤ በግንባሩ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ማየት አልችልም፤ ወንድሜ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ።

«አባ፣ ስለቴ ካልገባ ልጄ ይታመምብኛል። አንድ ጊዜ ሆኗል። ይማሩኝ፣ ይቀበሉኝ።»

«እግዚአብሔር አራጣ አበዳሪ ነው እንዴ? ልጅህን መያዣ አድርጎ አልጋ ይጠይቅሃል?»

ደምሰው ሰምቷል፤ ግን አልተጽናናም። ፍርሃት በምክር ቢለቅ ኖሮ ማን ይፈራ ነበር? አባም ይኼን ያወቁ መሰለኝ። መቋሚያቸውን ለአንዱ ተማሪ ሰጡ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ እግራቸውን በእጃቸው አራገፉና በአደባባይ፣ ከወይራው ሥር፣ አልጋው ላይ ወጥተው በጀርባቸው ተጋደሙ።

ፍራሹ ዋጥ አደረጋቸው። ተማሪዎቹ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አባ ወደ ሰማይ እያዩ ቆዩና «ወይ አንተ አምላክ! ሰው እንዲህ ላይ እየተኛ ነው ለጸሎት የሚነሣ? እኔስ ጻድቃኑ ከተማ ያሉት ናቸው እላለሁ» አሉ።

ያን ጊዜ የሳቀው ተማሪ ብቻ አይደለም፤ ደምሰውም በእንባው ውስጥ ሳቀ። አባ ግን ዓይናቸውን ከሰማይ ሳያነሡ «የልጁ እናትስ? እሷም ትሰጋለች?» ብለው ጠየቁት።

«በፎቶ ካላየሁ አላምንም ብላለች።»

«እንግዲያ አንሣኝና ትረፍ።»

መቋሚያቸውን የያዘው ተማሪ ደነገጠ። «አባታችን፣ ኋላ በስልክ ቢለቀቅስ? ሰው ምን ይላል?»

«የሞተ ሰው ምን ስም አለው? አንሣ ልጄ።»

ደምሰው ስልኩን አወጣ። እኔ ከትከሻው ኋላ ቆሜ አብሬ አየሁ። የስልኩ መስኮት ላይ ነጭ ቆዳ፣ ወርቃማ ቁልፍ፣ ለስላሳ ፍራሽና እላዩ ላይ ቆብ የደፉ መነኩሴ። ቁርጥ ደጀን ያየነውን መነኩሴ! ጠባቡ በር አይታይም። ግንባሩ አፈር የነካው አባት አይታይም። ያኛው ምስልስ ከጀርባው ማን ቆሞ፣ ምን ብሎ ለምኖ ይሆን? እኔ አላውቅም፤ የደጀኑም ሰውዬ አያውቅም።

የደምሰው አውራ ጣት ከስልኩ በላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጆሮውን አላሸም። ስልኩን አጥፍቶ ኪሱ ከተተውና «ይነሡ አባ። ስለቴ ገብቷል» አለ።

አባ ተነሥተው ጫማቸውን አጠለቁ። «አሁን የእኔ ሆነ አይደል?»

«የእርስዎ ነው።»

«እንግዲያ ሙት ያወርሳል እንጂ አይወርስም። ፍራሹን ለእማሆይ ወለተ ኪዳን አውርሻለሁ።»

እማሆይ ወገባቸው ከተያዘ ወዲህ ከመደባቸው ያልተነሡ መነኩሲት ናቸው፤ ቤታቸው ከግቢው አጥር ሥር ነው። የእሳቸውም በር ጠባብ ነው፤ ፍራሹን ግን ለሁለት አጥፈን፣ እኔ ከውስጥ እየሳብሁ ተማሪዎቹ ከውጭ እየገፉ አስገባነው። ገላቸው በመተኛት ብዛት ቆስሏል። ቀስ ብለን ስናሳርፋቸው አንዱ ተማሪ «አባ ያወረሱዎት ነው» ቢላቸው እማሆይ ጮኹ።

«እኔን! አባ ሞቱ እንዴ?»

«ኧረ አለሁ! ተኚ!» አሉ አባ ከደጅ።

እማሆይ ጀርባቸውን ወዲያና ወዲህ አሉት፤ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። ደምሰው ያን ትንፋሽ ሰምቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ወጥቶ ከመኪናው መፍቻ አምጥቶ ነጩን ራስጌ በእጁ ፈታ፤ እንጨቱ ለተማሪዎቹ መቀመጫ ይሆናል ተብሏል።

ምሽት፤ ደብረ ማርቆስ

ደብረ ማርቆስ ስንገባ ባጃጆቹ መብራት አብርተዋል፤ ብርዱ ከአዲስ አበባው ብሶ ጠበቀን። ሆቴሉ ውስጥ ገና ሳንቀመጥ ስንቱ ደወለች። ደምሰው ድምፁን ለቀቀው።

«ተቀበሉ?»

«ተቀበሉ። ተኙበትም።»

«ፎቶውስ?»

«አላነሣሁም።»

«ደምሰው፣ አሁንም ሰው በላው?» ስትል ድምፅዋ ተሰበረ። ወንድሜ ስልኩን ለኔ ሰጠኝ።

«ስንቱ፣ እኔ ነኝ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ለሱ ብለሽ ነው። እንደማትዋሺኝ በምን አውቃለሁ?»

«እሺ፣ ሲተኙ ያሉትን ልንገርሽ» አልኋት። እግራቸውን እንዳራገፉ፣ ፍራሹ እንደ ዋጣቸው፣ ወደ ሰማይ እያዩ «ሰው እንዲህ ላይ እየተኛ ነው ለጸሎት የሚነሣ? ጻድቃኑ ከተማ ያሉት ናቸው» እንዳሉ ነገርኋት።

ከአፍንጫዋ አንድ ነገር አመለጣት። ከዚያ ሳቀች፤ አምና ናሆም ከታመመ ወዲህ ሰምቼው የማላውቀውን ሳቅ፣ «ይኼማ የእሳቸው ቀልድ ነው፣ በእናቴ እሳቸው ናቸው!» እያለች ሳቀች። ደምሰው ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ።

ከስልኩ ማዶ፣ ከሩቅ፣ የልጅ ድምፅ መጣ። «እማዬ፣ ምን ያስቅሻል?»