ጋሼ ተሰማን የሰደብንበት ገና

ሰሞኑን ለልጄ ለሊዲያ የበረዶ መንሸራተቻ ልፈልግ ምድር ቤት ወርጄ፣ ከአሮጌ ምንጣፍ ጀርባ ጫፉ የተቆለመመ የበርች ዛፍ ዱላ እጄ ገባ። ልጣጩ ቢረግፍም አፍንጫዬን ሳስጠጋው የእርጥብ እንጨት ሽታው ዛሬም አልለቀቀውም፤ ወይም እኔ ነኝ አልለቅ ያልኩት። ሊዲያ የተሰበረ የሆኪ ዱላ መስሏት ለምን እንደማንጥለው ጠየቀችኝ። የገና ዱላ ነው አልኳት፣ ጋሼ ተሰማ የሠሩልኝ።

ጋሼ ተሰማ ኦስሎ፣ ፉሩሴት ሰፈር ሳለን ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ፣ አልናብሩ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት የሚነዱ፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው ሰው ነበሩ። የእኛ ገና እዚህ አገር የሥራ ቀን ስለሆነ፣ በገዛ ሥልጣናቸው ጨዋታውን ወደ ቅዳሜ አዛውረው የሕንፃውን ሐበሻ ልጅ ሁሉ ጫካው ዳር ወዳለው ሜዳ ይነዱት ነበር። ጨዋታው የወንድ ነው ብለው እናቶች ቢያጉረመርሙም፣ ወንዶቹ ለሁለት ቡድን ስለማይበቁ እኛም ሴቶቹ ተቀላቀልን። አንድ ዓመት ልጆቹ ከትምህርት ቤት የሆኪ ዱላ ተውሰው ቢመጡ ጋሼ አስመለሷቸውና፣ የገና ዱላ ተፈልጎ ነው የሚገኝ ብለው፣ ራሱ የጎበጠ ቅርንጫፍ እስክናገኝ በረዶው እስከ ጉልበታችን እየዋጠን ጫካ ለጫካ አንከራተቱን።

የባሰው ግን ስድቡ ነበር። በገና ጨዋታ ትንሽ ትልቁን ቢሰድብ ቅያሜ የለም፤ ወጉ ነው። ሩሯን፣ ያቺን የእንጨት ኳስ፣ አግብተን ስንጨፍር ጋሼ ዱላቸውን ተደግፈው እሳቸውን በግጥም፣ ያውም በአማርኛ፣ እስክንሰድብ ይጠብቃሉ። ዝም ካልን “አልተቆጠረም” ነው መልሳቸው። እኛ ደግሞ ትልቅ ሰው ፊት ቀና እንዳንል ተቆንጥጠን ያደግን፣ ስድብ የምናውቀው በኖርዌይኛ ብቻ። እሱንም ሞከርነው፤ አልተቆጠረም።

እንግዲህ ምን ይደረግ፣ በየቤታችን ገብተን እናቶቻችንን ስድብ አስተምሩን ብለን ለመንን። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ መጀመሪያ አማተበች። በማግሥቱ ግን ቢሮ ስታጸዳ ውላ እንደመጣች፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ በጆሮዬ እንዲህ አለችኝ፦

የጋሼ ተሰማ እግሩ ሸምበቆ፣
ሩሯን ሲያባርር ቀረ ተጣብቆ።

ከእኔ ሰማሁ እንዳትዪ ብላም አስጠነቀቀችኝ። ቅዳሜ አግብቼ ይህቺን ብለቃት ጋሼ ባርኔጣቸው እስኪወድቅ ሳቁና “ተቆጠረ!” አሉ። እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ትምህርት ቤት ስለ ቅርስ ሲያስተምሩን ጥንታዊ መርከብና የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ያሳዩን ነበር፤ ደስ ይላል። የእኔ ቅርስ ግን ይኸው አንዲት ስድብ ናት። አማርኛ አፌ ላይ የቀረው እሷን ፍለጋ ስለወጣሁ ነው። ወላጆቻችንም እነዚያን ቅዳሜዎች ያላስቀሩት፣ ከፈረቃ መልስ ዓይናቸው እየተዘጋ ሜዳው ዳር የቆሙት፣ ልጆቻቸው የሚስቁበት ቋንቋ እንዳይለያቸው ይመስለኛል።

ጋሼ ዛሬ ጋምለ ኦስሎ በሚባለው ሰፈር፣ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ናቸው። ኖርዌይኛው ከጠፋባቸው ቆየ፤ አሁን አማርኛውም እየተከተለ ነው። እኔ ደግሞ፣ ነገ ዛሬ ስል፣ አንድ ቀን እንኳ አመሰግናለሁ አላልኳቸውም። እሑድ ዱላውንና ሊዲያን ይዤ ሄድኩ። አላወቁኝም። ሳስብበት የከረምኩትን ምስጋና ብነግራቸው መስኮቱን እያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ለነርሷም እንደሚያደርጉት። ዱላውን ጭናቸው ላይ አኖርኩላቸው፤ ጣታቸው ቆልማማውን ደባበሰ፣ ዓይናቸው ግን ወደ መስኮቱ ተመለሰ። ዘገየሁ አልኩ በልቤ፣ እንባዬም መጣ። እናቴ የለች፣ ሜዳው ላይ ሕንፃ ቆሟል፣ አብረውኝ የተጫወቱት የት የት እንደገቡ እንጃ፤ እሳቸውም ከሄዱ ያን ቅዳሜ ከማን ጋር አወራዋለሁ?

ይኼኔ ሊዲያ፣ በባቡር ስንመጣ ያስጠናኋትን የእናቴን ግጥም፣ ዓይኗን መሬት ተክላ፣ በተሰባበረ አማርኛዋ አጉተመተመችው።

ጋሼ ቀስ ብለው ቀና አሉ። ልጄን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ዱላውን ጨበጡ።

“አልተቆጠረም” አሉ። “ጮክ በይ እንጂ!”

ሊዲያ አየችኝ። በይ አልኳት። ብድግ አለችና ኮሪደሩ እስኪሰማ ሰደበቻቸው።